የኑስረት ሙያ በ1985 አልጀመረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ፓኪስታናዊው የቀዋሊ (የሱፊ ሙስሊሞች መንፈሳዊ ዜማ) ሊቅ ኑስረት ፋተህ አሊ ኻን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። ስለ ቀዋሊ በአማርኛ ብዙም ስለማይጻፍ ደስ ብሎናል። ይሁን እንጂ ጸሐፊው የሰውየውን ታሪክ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 እንግሊዝ አገር በዎማድ የዓለም ሙዚቃ ፌስቲቫል ከታዩበት መድረክ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሁሉ «ተሰጥኦ» ብሎ አልፎታል። የቀዋል (የቀዋሊ አቀንቃኝ) ሙያ ያለው ግን እዚያው በታለፈው ውስጥ ነው።

ኑስረት የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1948 ፋይሰላባድ ውስጥ ነው፤ ከተማዋ ያኔ ላያልፑር ትባል ነበር። ቤተሰቡ ቀዋሊን ከአባት ለልጅ ሲያወርስ የኖረ ቢሆንም አባታቸው ግን ልጃቸው ሐኪም እንዲሆን ነበር የሚፈልጉት። መጀመሪያ የተማሩት ታብላ (ጥንድ ከበሮ) መምታት ነው፤ ዜማው ከዚያ በኋላ መጣ። አባታቸው በ1964 ሲያርፉ በአርባኛው ቀን መታሰቢያ ላይ አዜሙ። አጎታቸው ሙባረክ አሊ ኻን በ1971 ሲሞቱ ደግሞ የቡድኑን መሪነት ተረከቡ። ስለዚህ ዎማድ ላይ የታዩት 14 ዓመት ቡድን የመሩ ሰው ናቸው።

የቀዋል ልጅ ሥልጠናውን የሚጀምረው ከኋለኛው ረድፍ ነው። ቡድኑ ብዙውን ጊዜ ስምንት ዘጠኝ ሰው ይሆናል፤ እግሩን አጣጥፎ መሬት ላይ በሁለት ረድፍ ይቀመጣል። ፊት መሪው፣ ረዳቶቹና ሃርሞኒየም (በእጅ ነፋስ የሚሰጠው ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ተጫዋቾቹ፣ ኋላ ታብላ ወይም ዶላክ (ባለ ሁለት ፊት ከበሮ) መቺውና ተቀባዮቹ ናቸው። ልጁ እዚያ ሆኖ ያጨበጭባል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ምቱ በአብዛኛው ባለ 8 ወይም ባለ 6 ነው። ጭብጨባው ታብላውን ከቀደመ ዜማው ያለ ጊዜው ይፈጥናል፣ መሪውም ማብቂያው ላይ የሚጨምረው ፍጥነት ያጣል። ድምፅን በተመለከተ ማለዳ ዝቅተኛውን ድምፅ በረጅም ትንፋሽ ይዞ መቆየት፣ ከዚያም በድምፆቹ ስም ሳ፣ ሬ፣ ጋ፣ ማ እያሉ መውጣትና መውረድ ነው። በከፍተኛው ድምፅ ለመጀመር የቸኮለ ወጣት ጉሮሮው ቶሎ ይሻክራል። ይህ ሁሉ ሲሆን የፋርስኛ፣ የፑንጃቢ፣ የኡርዱና የብራጅ ግጥም በቃል ይጠናል።

ግጥሙ በቃል የሚጠናው ለምን እንደሆነ ጽሑፉ አልነካውም፤ ዋናው ነገር ይኸው ነው። አንድ ቀዋሊ በሃርሞኒየም ይከፈታል፤ ከዚያ ያለ ምት የሚንቆረቆር ዜማ፣ አንድ ሁለት መግቢያ ስንኝ፣ ቀጥሎ ከምቱ ጋር አዝማቹ ይገባል። አዝማቹ ከቆመ በኋላ መሪው ከሌላ ግጥም፣ አንዳንዴም ከሌላ ቋንቋ፣ አንድ ስንኝ አንሥቶ ይሰካበታል። ጊረህ ይሉታል። የተሰካው ስንኝ ከመልእክቱ ጋር መግጠም አለበት፤ በመጨረሻ ቃሉም አዝማቹ ላይ መውደቅ አለበት። ግማሽ ምት ቢዘገይ ተቀባዮቹ ባዶ ላይ ይገባሉ። ምልክቱ የመሪው እጅ ነው፤ ሲዘረጋ ይጠብቃሉ፣ ሲወርድ ይቀበላሉ።

የትኛው ስንኝ እንደሚሰካ የሚወስነው ሰሚው ነው። በወሊዮች መቃብር ላይ በሚደረግ ጉባኤ መጀመሪያ ለአላህ፣ ቀጥሎ ለነቢዩ፣ ከዚያ ለወሊዮቹ ይዜማል። መሪው ዐይኑን ከታዳሚው አይነቅልም። አንዱ በአንድ ስንኝ ልቡ ሲነካ ተነሥቶ ገንዘብ ያመጣል፤ የሚሰጠው ግን ለጉባኤው ሸህ ነው፣ ከሸሁ ወደ ቀዋሉ ይተላለፋል። ገንዘቡ የመጣበት ስንኝ ይደገማል። ሰው ወጅድ (መንፈሳዊ ተመስጦ) ውስጥ ከገባ ያቺው ስንኝ እስኪረጋጋ ድረስ ትደጋገማለች፤ መሀል ላይ መቀየር ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ተደርጎ ይታያል። የሱፊው ወሊይ ቁጥቡዲን በኽቲያር ካኪ በ1235 ዴልሂ ውስጥ በአንዲት የፋርስኛ ስንኝ ተመስጠው ለቀናት ቆይተው እንዳረፉ የእሳቸው የሱፊ መንገድ ተከታዮች፣ ቺሽቲዎች፣ ይተርካሉ።

እንግዲህ ይህን ሙያ ስቱዲዮ ውስጥ አስቡት፤ ሰሚ የለም፣ ሰዓት ይቆጠራል። ኑስረት ከካናዳዊው ማይክል ብሩክ ጋር በ1990 ባወጡት አልበም ቅጂው ሲቆራረጥ አንዳንድ ስንኝ ከመሀሉ ተከፍሎ ትርጉም አልባ ሆኖ ነበር። ኑስረት አልተቀበሉትም፤ እንዲስተካከል ተደረገ። ከውጭ ሙዚቀኞች ጋር መሥራታቸውን እኛ እንደ ነቀፋ አናየውም፤ ጽሑፉ ግን የሙያቸው ጫፍ አድርጎ ማቅረቡ አላሳመነንም።

አንድ እርማትም አለን። ኑስረት ለንደን ውስጥ ነሐሴ 16 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ዕድሜያቸው 48 እንጂ 50 አልነበረም።

ለአንባቢዎቻችሁ የኑስረትን ቅጂ የምትጠቁሙ ከሆነም ከ20 ደቂቃ ያላነሰ፣ ሰው ፊት የተቀዳ ይሁን። በጣም አጭር በሆነው ውስጥ ጊረህ ለመስካት ጊዜው ያንሳል። ሲሰሙም ከመሪው ይልቅ ወንድማቸው ፋሩኽ ፋተህ አሊ ኻን በሃርሞኒየም የሚመልሱትን ይከታተሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢዎች