ሆን ብለሽ አስተምሪ

ከአዳማ፣ ሐዋሳ ላለችው ልጄ፤

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታለች፤ ወደዚያ የሚወርድ ሰው ሲገኝ እንልካለን።

5ኛ ክፍል ሂሳብ ተሰጠኝ ስላልሽኝ ልጻፍልሽ። በአማርኛችን «ሆን ብሎ» የሚባለው ለጥፋት ነው። ሆን ብሎ ሰበረው፣ ሆን ብላ አረፈደች እንላለን፤ «ሆን ብሎ አስረዳኝ» የሚል ሰው ግን አይሰማም። ደግ ነገር ከቀና ልብ ራሱ የሚፈልቅ ይመስለናል። ክፍል ውስጥ ቀና ልብ ብቻውን አይበቃም። የቆምሽበት ቦታ፣ የጠየቅሽው ጥያቄ፣ ዝም ያልሽባት ሰከንድ ሁሉ «ለምን?» ብትባይ መልስ ይኑረው።

ከዕቅዱ ጀምሪ። የዕለት ትምህርት ዕቅድ ቅጹ ላይ «ዓላማ» ከሚለው ሥር «ተማሪዎች የክፍልፋዮችን መደመር ይረዳሉ» ተብሎ ይጻፋል፤ ዩኒት መሪውም ይፈርምበታል። መረዳት ግን በዓይን አይታይም። 60 ልጅ ተረድቶ ይሁን ዝም ብሎ ተቀምጦ በምን ታውቂያለሽ? ሮበርት ሜገር የተባለ አሜሪካዊ በ1962 እ.ኤ.አ. አንድ ዓላማ ሦስት ነገር እንዲይዝ አሳሰበ፦ ተማሪው ምን ሲሠራ ይታያል፣ በምን ሁኔታ፣ ስንቱን ካገኘ ይበቃዋል። ስለዚህ እንዲህ ጻፊው፦ «ታሕታቸው የተለያየ 5 ጥያቄዎች ሲሰጧቸው፣ ደብተር ሳይገልጡ በ8 ደቂቃ ቢያንስ 4ቱን በትክክል ይደምራሉ።»

ይህን ከጻፍሽ በኋላ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሥሪ። አስቀድመሽ 5ቱን ጥያቄዎች፣ ቀጥሎ ለእነሱ የሚያበቃውን ምሳሌ፣ መግቢያውን መጨረሻ ላይ አዘጋጂ። ብዙ መምህር ከመግቢያው ስለሚነሳ 15 ደቂቃ እዚያው ያልቅና ልምምዱ የቤት ሥራ ይሆናል፤ ልጁም ስህተቱን ማንም ሳያይለት ቤቱ ሄዶ ይለማመደዋል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ ለልምምድ 8፣ ለማረሚያ 5 ቀድመሽ ቁረጪ። ስም መጥራትና ደብተር ማውጣት 4 ቢበላብሽ የሚተርፍሽ 23 ነው። 23 ደቂቃ ለአንድ ሐሳብ ይሆናል፤ ለሦስት አይሆንም።

ስህተቱንም ቀድመሽ ጠብቂው። 1/2 + 1/3 ብለሽ ስትጽፊ ብዙ ልጅ 2/5 ይልሻል። ከግዴለሽነት እንዳይመስልሽ። ክፍልፋይ ለእሱ ላይና ታች የተቀመጡ ሁለት ቁጥሮች ስለሆነ ላዕልን ከላዕል፣ ታሕትን ከታሕት ይደምራል። «ታሕቱን አስተካክል» ብትይው ደንቡን ሸምድዶ በሳምንቱ ይረሳዋል። ይልቅ ዳቦ ሳዪለት። ግማሽ ዳቦ ነበረህ፣ ሲሶ ተጨመረልህ፤ ለመሆኑ 2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ተጨምሮልህ እንዴት አነሰብህ? ልጁ ግራ ሲገባው ካየሽ አትቸኩዪ፤ የፈለግሽው ያንኑ ግራ መጋባት ነው። ከዚያ ዳቦውን 6 ቦታ ቁረጪው፤ ግማሹ 3 ቁራሽ፣ ሲሶው 2 ቁራሽ፣ ድምሩ 5/6።

«ገባችሁ?» የምትለዋን ጥያቄ ተዪያት። «አዎ ቲቸር!» የሚለው ጩኸት አንዳች አይነግርሽም፤ ያልገባው ልጅ ነው እንዲያውም ጎላ አድርጎ የሚመልሰው። በእሷ ፈንታ አራት ምርጫ ሰሌዳው ላይ ጻፊ፦ በ1 ተራ 2/5፣ በ2 ተራ 2/6፣ በ3 ተራ 5/6፣ በ4 ተራ 1/6። ልጆቹ መልሳቸውን በጣታቸው ቁጥር ያሳዩሽ፤ ከጎን እንዳይኮረጅ ጣቱ ደረት ላይ ይጠጋ፣ ሁሉም ባንዴ ያውጣ። 2/5 ያለው ላይና ታቹን ደምሮታል። 2/6 ያለው ታሕቱን አመሳስሎ ላዕሉን ረስቶታል። 1/6 ያለው አባዝቷል። ስህተት ሁሉ መነሻው ከታወቀ፣ በአንድ እይታ ማን ምን እንደጎደለው ታያለሽ። የተሳሳቱትን ምርጫዎች እንዲያው የመጣልሽን ቁጥር ካደረግሻቸው ግን ድካሙ ከንቱ ነው።

በቃል ስትጠይቂ ደግሞ ጥያቄው ይቅደም፣ ስሙ ይከተል። «ሳሙኤል፣ ስንት ይመጣል?» ካልሽ 59ኙ ልጆች አረፉ። ጠይቂ፣ ዝም በይ፣ ከዚያ ጥሪ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች የትምህርት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ክፍሎችን ስታጠና መምህራን ጠይቀው የሚታገሱት 1 ሰከንድ ያህል መሆኑን አገኘች። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሱ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉት ቀነሱ። ልጁ መልሶ ሲጨርስም እንደገና ሦስት ሰከንድ ጠብቂ፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቤቱ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገር ልጅ፣ በሌላ ቋንቋ ከተጠየቀ መጀመሪያ ጥያቄውን በልቡ መተርጎም አለበት። ለእሱ 3 ሰከንድም ታንሰዋለች።

ንግግርን በተመለከተ፣ ፖል ግራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ በ1957 እ.ኤ.አ. ያነሳው ነጥብ ይጠቅምሻል፦ ሰው አንድ ነገር ሲል፣ ሰሚው ያንን የማለቱን ሐሳብ እንዲለይለት ብሎ ነው የሚለው። ሐሳቡ ካልተለየ ቃሉ ባዶውን ይቀራል፤ አንዳንዴም ተገልብጦ ይሰማል። «ጎበዝ!» የሚለውን ውሰጂ። በእኛ ቋንቋ ለሰነፍም ለሽሙጥ ይባላል። ልጁ ምን እንዳመሰገንሽለት ካላወቀ እያሾፈችብኝ ነው ሊል ይችላል። «ላዕሉንም በ3 ማባዛትህን አልረሳህም» ብትይው አይሳሳተውም። «ዝም በሉ!»ም እንደዚያው፤ ምን አታድርጉ እንጂ ምን አድርጉ አይልም። «እስክሪብቶ አስቀምጡ፣ ሰሌዳውን እዩ» በያቸው። ሰምና ወርቅ ለቅኔ ነው፤ ለልጅ ትእዛዝ አይሆንም።

የልጅን ሐሳብ ማንበብ ከሁሉም ይከብዳል። ሊ ሮስ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1977 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው ሰው የሌላውን ሥራ ሲመዝን ሁኔታውን ይዘነጋና ጠባዩን ይወቅሳል። ያረፈደ ልጅ ሰነፍ፣ ዓይኑን የሰበረ ልጅ ጥፋተኛ ይመስላል። ታላቅ ሲናገር ዓይን መስበር ግን ከቤት የተማረው አክብሮት ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን እንኳ አስቦ ማጥፋትን በአንቀጽ 58፣ ቸልተኝነትን በአንቀጽ 59 ለያይቷቸዋል፤ ለአዋቂ የተደረገው ማጣራት ለአሥር ዓመት ልጅ አይነፈግ። «ለምን አረፈድክ?» ክስ ሆኖ ስለሚሰማ ሰበብ ይወልዳል። «ምን ገጠመህ?» በይው፣ ከክፍሉ ፊትም አይሁን። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ይህን ሁሉ አንድ ሳምንት ውስጥ ልተግብር ካልሽ ሁሉም ይፈስብሻል። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ያሳየው መንገድ ቀላል ነው፦ «እታገሣለሁ» ብሎ ከመወሰን «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ጊዜና ሥራን ማሰር። በ2006 እ.ኤ.አ. ከፓስካል ሺራን ጋር 94 ሙከራዎችን ሲመረምሩ እንዲህ ያሰረ ሰው ያሰበውን በተሻለ እንደሚፈጽም አገኙ። ለምሳሌ፦ «ልጅ ተሳስቶ ሌሎቹ ሲስቁ፣ መልሱን ሰሌዳ ላይ ጽፌ እንዴት እንዳገኘው እጠይቀዋለሁ።» በሳምንት ከሁለት በላይ አትያዢ። ሁኔታውም «ክፍሉ ሲያስቸግር» ዓይነት ደብዛዛ ከሆነ አይሠራም፤ በዓይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚሰማ ይሁን።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ዕቅድሽ ጫፍ ላይ በእርሳስ ጻፊያቸው፤ መቀየራቸው አይቀርም። የሐሙሱን ዕቅድ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ዓላማውንና 5ቱን ጥያቄዎች አያቸዋለሁ። በርበሬው ሲደርስሽ ደውዪ።

አባትሽ