ክሩ የኔ ነበር

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰንብተሻል? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ «እንዴት ሰነበትሽ» ማለት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ ግን ደብዳቤ በሌላ መንገድ መጀመር አልለመደብኝም። መጨረሻ የላክሽልኝ መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ፦ «ሚጡ እንዴት ናት? ፎቶዋን ላኪልኝ»። ያን ቀን ሥራ በዝቶብኝ ነበርና ማታ እመልሳለሁ አልኩ። ማታው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ከዚያ ወዲያማ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ሰበቤ ይኸው ነው። የተሻለ ልፈጥር ሞክሬ አልተሳካልኝም።

ዛሬ የምጽፍልሽ አደራ ስለሰጠሽኝ ድመትሽ፣ ስለ ሚጡ ነው። ደህና ናት። ይህን ያስቀደምኩት ስለማውቅሽ ነው፤ አንቺ ደብዳቤ የምታነቢው ከመጨረሻው ጀምረሽ ነው። ሆዷ ተከፍቶ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። ዛሬ 11ኛ ቀኗ ነው።

ስትሄጂ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍሽልኝን ወረቀት ታስታውሺዋለሽ? አራተኛው ላይ «ክርና የፀጉር ላስቲክ ከፊቷ አርቂ» ይላል። ወረቀቱ እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ ነው የማየው። እኔ ደግሞ አንድ ማታ የቀሚስ ጠርዝ ስሰፋ አምሽቼ፣ ክሩን ከስፌት መኪናው ላይ ሳላነሳ መብራት አጥፍቼ ተኛሁ።

በማግስቱ አስመለሳት። ድመት የላሰችውን ፀጉር መትፋቷ አዲስ ነገር አይደለም ብዬ ዝም አልኩ። ከሰዓት አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች፤ ምግቧንም አልነካችም። ማታ ደግሞ አረፋ ብቻ ተፋች። የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ስንደርስ ሆዷን ከመዳሰሱ በፊት አፏን ከፍቶ ምላሷን ወደ ላይ አነሳው። ሰማያዊ ክር ከምላሷ ሥር ተጠምጥሟል። ከሩቅ አወቅኩት።

የድመት ምላስ ሲልስሽ እንደ ሞረድ የሚሻክርሽ ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ ጥቃቅን እሾኮች ስላሉት ነው። ክር አንዴ ከያዛት ልትተፋው ብትፈልግም አይሆንላትም፣ እየዋጠች መሄድ ብቻ ነው። አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ተይዞ ሌላው ወደ ታች ሲወርድ፣ አንጀቷ ክሩን ለመግፋት ሲታገል ራሱ ክሩ ላይ ይሰበሰባል። ሐኪሙ ይህን ሊያስረዳኝ ሲጀምር «ገባኝ» አልኩት። ሽብሽብ ቀሚስ ስንሠራ የምናደርገው ይህንኑ አይደል? በላላ ስፌት ሄደን አንዱን ጫፍ ይዘን ክሩን እንስባለን፤ ጨርቁ ይሸበሸባል። ልዩነቱ ጨርቅ አይጎዳም፤ አንጀትን ግን የተወጠረ ክር እንደ መጋዝ ይበላዋል። ለዚህ ነው ክር ከአፏም ሆነ ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ሲታይ እንዳይሳብ የሚባለው። እኔ ሐኪም ቤት ከመድረሴ በፊት ባየው ኖሮ ስቤው ነበር። ይህን ሳስበው አሁንም እጄ ይቀዘቅዛል።

አንጀቷን ሁለት ቦታ ከፍተው ክሩን በቁራጭ አወጡት። እዚያው ሁለት ሌሊት አደረች። ወደ ቤት ይዤያት ስመለስ የአደራ ነገር እንዴት እንደሚከብድ ያኔ ገባኝ።

የመጀመሪያው ማታ ድመትሽን አታውቂያትም ነበር። ሆዷ ተላጭቶ ሮዝ ሆኗል፣ አንገቷ ላይ ኢምቡቶ የመሰለ ፕላስቲክ ታስሯል፣ በመድኃኒቱ ምክንያት የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ እንደ ሰከረ ሰው ትወላገዳለች። አልጋ ላይ ትዘላለች ብዬ ስለፈራሁ ፍራሹን መሬት ላይ አውርጄ ከጎኗ ተኛሁ። ቁስሏ ላይ እንዳይጣበቅ የምትጸዳዳበትን አሸዋ ደፍቼ በተቀዳደደ ወረቀት ተካሁት። በመጀመሪያ እንደ ስድብ ነው የቆጠረችው፤ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ዞራ ሄደች። ሌሊት ግን ተጠቀመችበት። ሰው በድመት ሽንት እንዲህ ደስ ይለዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል!

ሌሊቱን ትንፋሿን እቆጥር ነበር። ተኝታ በደቂቃ ከ30 በታች መሆን አለበት ተብያለሁ፤ 24 ሲሆን እፎይ እላለሁ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና እቆጥራለሁ። አንኮራፋች ብዬ መረጋጋት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ያ የምንወደው የጉሮሮዋ ማንኮራፋት ሲያማትም እንደሚመጣ ነግረውኛል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ? ድመት ይህን ተረት አልሰማችም። ሥቃይዋን ውጣ ፊቷን አጥርታ ትቀመጣለች።

ፊቷን ማንበብ የቻልኩት ሐኪሙ አንድ ወረቀት ሰጥቶኝ ነው። ሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2019 ያወጡት መለኪያ ነው። አምስት ነገር ታያለሽ፦ ጆሮዋ ወደ ጎን ተዘርግቶ እንደሆነ፣ ዓይኗ ጠብቦ እንደሆነ፣ አፍንጫዋና አፏ ዙሪያ ተወጥሮ እንደሆነ፣ ጢሟ ቀጥ ብሎ እንደሆነ፣ ራሷን ከትከሻዋ በታች ደፍታ እንደሆነ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ትሰጫለሽ፤ ድምሩ ከ10 ውስጥ 4ና ከዚያ በላይ ከሞላ ማስታገሻ ያስፈልጋታል ማለት ነው። ሁለት ዓመት አብሬያት ኖሬ ጢሟን በደንብ አይቼው እንደማላውቅ ያወቅኩት ያኔ ነው። እኔም ይህን ሁለት ዓመት አልጋ ሥር ነበርኩ ብልሽ ትስቂብኛለሽ፤ ስለዚህ አልልሽም።

ማስታገሻዋ ቡፕረኖርፊን የሚባል ነው፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጉንጯ በኩል ድዷ ላይ ጠብ ይደረጋል፣ መዋጥ ሳያስፈልጋት ከአፏ ውስጥ ይሰርጋል። አንዲት ጎረቤቴ በቅንነት «ግማሽ ፓራሲታሞል ብትሰጫትስ?» ብላኝ ነበር። እንኳን ሐኪሙን ጠየቅኩት! የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን የሚያከሽፍበት አቅም የለውም፤ ቀይ የደም ሕዋሷ ተበላሽቶ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል። አይቡፕሮፌንም እንደዚያው መርዝ ነው። ጎረቤቴ ይህን ስነግራት ራሷን ይዛ ቁጭ አለች።

ከሁሉ የከበደኝ ማብላቱ ነው። ድመት ለጥቂት ቀን እህል ከከለከለች የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፍና ጉበቷን ያፍነዋል፤ ስለዚህ «ሲርባት ትበላለች» የሚባለው አይሠራም። በቀን ስድስት ጊዜ በማንኪያ እየቆነጠርኩ፣ ምግቡን ለብ አድርጌ አቀርብላት ነበር። የምትበላው በአፍንጫዋ ነው፤ ካልሸተታት ምግብ መሆኑንም አታምን። በዚያ ኢምቡቶ ሳህኗ ጋ መድረስ ሲያቅታት አውልቄላት እስክትጨርስ ዓይኔን ሳልነቅል እጠብቃለሁ፣ ከዚያ መልሼ አስርላታለሁ። አንዴ ስልክ ሳነሳ ዞር ብዬ ስመለስ ምላሷ ስፌቱ ላይ ነበር። ክሩን የሸከፈው ያው እሾካም ምላስ! «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚሉት እውነት ነው።

አራተኛው ቀን ጉድ አየሁ። የተሰፋ አንጀት ካፈሰሰ ብዙውን ጊዜ የሚያፈሰው ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ነው ተብዬ ሰዓት ስቆጥር ነበር፤ ልክ በዚያ ቀን ጠዋት ምግቧን አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ደጋግሜ ለብ አደረግኩላት፤ እምቢ። ጫማዬን ሳላስር ተሸክሜያት በረርኩ። ሙቀቷን ለኩ፣ 38.6። የድመት ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ነው፤ የሰው መስሎኝ ትኩሳት ነው ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ሐኪሙ ደግሞ እኔን ማባበል ያዘ። ሆዷን በአልትራሳውንድ አዩት፣ ፈሳሽ የለም። ማቅለሽለሽ ብቻ ነበር። አንድ መርፌ ወግተዋት ቤት ስንገባ የጠዋቱን ምግብ ቀዝቃዛውን በላችው። ያን ሁሉ ማሞቅ!

ከዚያ ወዲህ ያለው ቀላል ነው። ጠዋትና ማታ ስፌቱን አያለሁ፤ ደረቅ ነው፣ እብጠትም ሽታም የለውም። አልኮል አልቀባውም፣ አላጥበውም፣ ማየት ብቻ። የሐኪሙን አሰፋፍ በሙያዬ ዓይን ገምግሜዋለሁ፤ ርቀቱ እኩል ነው፣ አንድ ቦታ ብቻ ትንሽ ጠበቅ አድርጎታል። አልነገርኩትም። ስፌቱ ማክሰኞ ይወጣል።

የተላጨው ሆዷ ላይ ፀጉር መብቀል ጀምሯል፤ ስትነኪው እንደ ወንድ ጢም ይኮሰኩሳል። የምትተኛው ትተሽው የሄድሽው ግራጫ ሹራብ ላይ ነው። ሰጥቻት አይደለም፣ ከሳጥኑ ራሷ ጎትታ አውጥታው ነው። ክሮቼ አሁን ክዳን ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ እሷም ልክ እኔን ለማብሸቅ ክዳኑን ስትደበድብ ትውላለች።

ፎቶዋን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፣ ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣ ከነኢምቡቶዋ። ከተቆጣሽ መቆጣትሽ አግባብ ነው፤ ስለ ክሩም፣ ስለ ዝምታዬም። ብቻ ተቆጥተሽም ቢሆን እሁድ ማታ ስደውል ስልኩን አንሺው። ድምፅሽን እንድትሰማ ስልኩን ወለሉ ላይ አደርግላታለሁ፤ መዝለል ገና አልተፈቀደላትም።

ያንቺው