ስትመጡ ማታ ኑ

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

አሜሪካንን ማሽን እንዴት እንደለወጣት ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚሁ ለገሃር ቡናዬን ይዤ አነበብኩት። ወድጄዋለሁ። ኤዲሰን አለ፣ ፎርድ አለ፣ ባቡሩም አለ። ማሽኑ ፊት አቀርቅሮ የሚውለው ሰው ግን የለም። እኔ የስፌት መኪና ያሳደገኝ ሰው ነኝና ይቺን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እናቴ ፒያሳ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በእግር በሚረገጥ ሲንጀር ትሰፋ ነበር። አይዛክ ሲንጀር የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1851 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ መኪናውን በየወሩ በሚከፈል ዱቤ መሸጥ ስለጀመረ ድሃውም ቤት ገባ። በእጅ ከ14 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረ የወንድ ሸሚዝ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ብቻ የሚወስድ ሆነ። ትልቅ ነገር ነው። እናቴ ታዲያ አመሻሽ ላይ ክሩ አልታይ ሲላት መኪናዋን በአቡጀዲ ሸፍና ትነሳ ነበር። መኪናው የራሷ፣ ሰዓቱም የራሷ።

አሜሪካ ውስጥ የተለወጠው ዋናው ነገር ይሄ ይመስለኛል፤ ሰዓቱ ከሰው እጅ ወጣ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሎዌል በምትባል ከተማ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ባሪያዎች የለቀሙትን የደቡብ ጥጥ እየፈተሉና እየሸመኑ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ይሠሩ ነበር፤ በደወል ይነሳሉ፣ በደወል ይበላሉ፣ በደወል ይተኛሉ። ቀጥሎ ባቡሩ መጣ። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ከተማ ፀሐይ አናቱ ላይ ስትደርስ ቀትር ነው ይል ነበር። በ1883፣ ኖቬምበር 18 ቀን፣ የባቡር ኩባንያዎቹ ተስማምተው አገሩን በአራት የሰዓት ክልል ከፈሉት። ሕግ የሆነው ገና በ1918 ነው፣ ከ34 ዓመት በኋላ! እስካሁን ቀኑን ከንጋት ጀምረን ለምንቆጥር ለእኛ ይሄ ነገር ከማንም በላይ ሊገባን ይገባል። በ1882 ደግሞ ኤዲሰን ኒው ዮርክ፣ ፐርል ስትሪት ላይ የኤሌክትሪክ ጣቢያውን ከፈተ፤ ከዚያ ወዲያ አምፖል በገባበት ፋብሪካ ሁሉ ማታውም የሥራ ሰዓት ሊሆን ቻለ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። በ1911፣ ማርች 25 ቀን፣ እዚያው ኒው ዮርክ ትራያንግል የሚባል የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጠለ። ቅዳሜ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ከ40 ገደማ፣ ሊወጡ ትንሽ ሲቀራቸው። ፋብሪካው ያለው 8ኛ፣ 9ኛና 10ኛ ፎቅ ላይ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መሰላል የሚደርሰው 6ኛ ፎቅ። የ9ኛው ፎቅ አንደኛው በር ተቆልፎ ነበር። ለምን? ሴቶቹ ጨርቅ እንዳይሰርቁ በአንድ በር ብቻ እየተፈተሹ እንዲወጡ ነዋ! 146 ሰው አለቀ፣ አብዛኞቹ ከጣሊያንና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ወጣት ሴቶች፣ ብዙዎቹም በመስኮት የዘለሉ። ባለቤቶቹ ተከሰው ነፃ ወጡ።

የእህቴ ልጅ እዚሁ መሀል ከተማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የዩኒፎርም ስፌት ትሠራለች። የቤቱን ስም አልጠራም። ትዕዛዝ ሲበዛ እስከ ማታ ይቆያሉ። ባለፈው ማታ 3 ሰዓት ላይ ልወስዳት ሄጄ የብረቱ በር በሰንሰለት ተጠምዶ፣ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበት አገኘሁት። ከውስጥ የመኪናዎቹ ድምፅ ይሰማል። ጥበቃው ቁልፉን አንዱ ኪሱ ሲያጣው ሌላው፣ ከዚያ ካፖርቱ ውስጥ፣ ኋላም ወርዶ ከታች ከጓደኛው አምጥቶ ከፈተልኝ። ምነው ስለው «ጨርቅ እየወጣ አስቸገረን» አለኝ። መቶ ዓመት ያለፈው ቃል፣ ያው ቃል። ልጅቷ ነገሩን አንስታ «ካልተስማማሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ» ተብላለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኒው ዮርክ ውስጥ ከዚያ እሳት በኋላ ኮሚሽን ተቋቁሞ በየፋብሪካው እየዞረ መረመረ፣ ስለ በር፣ ስለ መውጫ፣ ስለ እሳት ልምምድ ሕግ ወጣ። እሳቱን በዓይኗ ያየችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ በ1933 የሠራተኛ ሚኒስትር ሆነች፤ የሥራ ሰዓትንና ዝቅተኛ ደሞዝን የወሰነው የ1938 ሕግ የወጣውም በእሷ ዘመን ነው። የስምንት ሰዓቱ ጥያቄማ ቀደም ብሎ በ1886፣ ሜይ 1 ቀን ቺካጎንና ሌሎች ከተሞችን በአድማ ያናወጠ ነው፤ ሚያዝያ 23 የምናከብረው በዓል የዚያ ትዝታ ነው። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። ወረቀቱ አለን።

እና እባካችሁ፣ ስለ ማሽን መጻፉን አታቁሙ፣ ግን አንድ ጋዜጠኛ መድባችሁ የከተማችንን የስፌት ቤቶች በር አሳዩን። እኔ አብሬ እዞራለሁ። ስትመጡ ግን ማታ ኑ፤ ቀን ቀን በሩ ክፍት ነው።

አንባቢያችሁ
ከለገሃር፣ አዲስ አበባ