ስለ ዊልስ ቤተሰብ የአርክቴክቸር ቢሮ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከወንድምሽ ጋር የራሳችሁን የአርክቴክቸር ቢሮ ለመክፈት ማሰባችሁን ስሰማ፣ እዚሁ ቦስተን ተመሥርቶ እስከ ልጅ ልጅ የደረሰውን የአርክቴክቱን የሮያል ባሪ ዊልስን ቢሮ ታሪክ ልጽፍልሽ ወደድኩ።

ዊልስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1895 በማሳቹሴትሷ ሜልሮዝ ተወልዶ፣ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተምሮ፣ በ1925 ቢሮውን ከፈተ። ደንበኛ በሩን እስኪያንኳኳ ሳይጠብቅ የትናንሽ ቤቶችን ንድፍ በጋዜጣ ያወጣ ነበር። ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ብዙ ባለሙያዎችን ሥራ ባስፈታበት በ1932፣ ለአንድ ትንሽ ቤት ንድፍ ከፕሬዚዳንት ሁቨር የወርቅ ሜዳሊያ ተቀበለ። በ1938 ላይፍ መጽሔት ለአንድ የሚኒያፖሊስ ቤተሰብ ሁለት ንድፎችን ሲያቀርብ፣ ዘመናዊው የዝነኛው አሜሪካዊ አርክቴክት የፍራንክ ሎይድ ራይት፣ ነባሩን ይትበሃል የተከተለው ደግሞ የዊልስ ነበር፤ ቤተሰቡም የዊልስን መርጦ አሠራ። ራይትን እንደምትወጂው አውቃለሁ፤ የእሱም ንድፍ በኋላ ዊስኮንሲን ውስጥ ለሌላ ባለቤት ተሠርቷልና አትዘኚ።

ዊልስ መነሻ ያደረገው የእንግሊዝ ሰፋሪዎች በቅኝ ግዛት ዘመን በማሳቹሴትሱ የባሕር ዳርቻ በኬፕ ኮድ ይሠሩት የነበረውን ዝቅ ያለ የእንጨት ቤት ነው። ቀረብ ብለሽ ተመልከቺው፤ ወለሉ ከመሬት እምብዛም ከፍ አይልም፣ የመስኮቶቹ አናት የጣሪያውን ጠርዝ ሊነካ ይቃረባል፣ ከጣሪያው መካከል የሚወጣው የጡብ ጭስ ማውጫም ለምድጃው ከሚበቃው በላይ ወፍራም ነው። ውስጡ ግን የዘመኑን ወጥ ቤትና መታጠቢያ የያዘ ነው። ከእሱ የገለበጡ ሥራ ተቋራጮች መሠረቱን ከፍ፣ ጭስ ማውጫውን ቀጠን ስለሚያደርጉት ቤታቸው እግሩ የረዘመ ዶሮ ይመስላል። «የድሮውን ቀጂ ነው» እያሉ የሚያቃልሉት ነበሩ፤ እኔ ግን ስንት ጣሪያ ስጠግን እንደታዘብኩት፣ ጥበቡ ያለው በልኬቱ ላይ ነው፤ ልኬት ደግሞ በማየት ብቻ አይቀዳም።

ዊልስ በ1962 ሲያርፍ ልጁ ሪቻርድ ቢሮውን ተረከበ፤ የመስታወትና የሲሚንቶ ሕንፃ በነገሠበት ዘመንም የአባቱን መንገድ አልተወም። ከእሱ ቀጥሎ ኃላፊነቱ ለልጅ ልጅ፣ ለጄሲካ ባሪ ዊልስ ተላለፈ። ቢሮውን ያቆየው ስሙ ብቻ አይመስለኝም፤ ሌሎች አርክቴክቶች ለተቋራጭ የተዉትን የመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ቤት እንደ ትልቅ ሥራ መያዙ ነው። ሽማግሌው ሮያል የገንዘቡንም ነገር አልናቀም፤ በ1941 ስለ አርክቴክቸር ሥራ አመራር መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል። ወንድምሽ ሒሳብ መያዝ እንደማይወድ ስለማውቅ ይህን አስነብቢው።

ቢሮውን በእኔ ስም ብንጠራውስ ብለሽ ለጠየቅሽኝ፦ የዊልስ ስም እስከ ልጅ ልጅ የዘለቀው የቤተሰብ ስም ስላላቸው ነው። በእኛ ልማድ የእኔ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ከእናንተ አያልፍም፤ የወንድምሽ ልጆች በእሱ፣ ያንቺ ልጆች ደግሞ በአባታቸው ስም ይጠራሉ። ስለዚህ የእኔን ትታችሁ ሁለታችሁ የተስማማችሁበትን ስም አውጡ።

አባትሽ