ልጄ፣ ቲኒያን ሳትደርስ ይቺን አንብብልኝ

የኔ ጌታ እንደምን ሰነበትክ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ከጉዋም ደውለህ "እማዬ፣ ቲኒያን የምትባል ደሴት ልንሄድ ነው፣ ጫካ የዋጠው የድሮ ኤርፖርት ልንመነጥር" ስትለኝ እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት እንጂ ስሟን የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ ብዬ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ተነስቼ ሳነብ አደርኩ።

ደሴቷ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ናት፣ ከጫፍ ጫፍ 20 ኪሎ ሜትር አትሞላም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጃፓኖች ይዘዋት ሸንኮራ አገዳ ነበር የሚያለሙባት፣ አሜሪካኖች በጁላይ 1944 እ.ኤ.አ. ገብተው በዘጠኝ ቀን ያዟት። የፈለጓት ለምን መሰለህ፣ ቢ-29 የሚባለው ቦምብ ጣይ ከዛ ተነስቶ ጃፓን ደርሶ መመለስ ስለሚችል ነው። ከዛ ሲቢ የሚባሉት የባህር ኃይሉ ግንባታ ክፍሎች ኮራሉን እየቆፈሩ፣ እየደለደሉ፣ አስፋልት እያለበሱ አራት ማኮብኮቢያ ጎን ለጎን ዘረጉ፣ እያንዳንዱ 2.6 ኪሎ ሜትር ገደማ! የዛን ጊዜ በዓለም ትልቁ ኤርፖርት ሆነ። ደሴቷ የኒው ዮርኳን ማንሃተንን ትመስላለች ብለው መንገዶቿን ብሮድዌይ፣ 42ኛ ጎዳና እያሉ ጠሯቸው። ይሄ ሆዴን በላው፣ አገር ሲናፍቅ እንዲህ ነው፣ አንተስ አልጋህ ራስጌ የፒያሳን ፎቶ ለጥፈህ የለ።

ከዛ ሜዳ በየሌሊቱ እየተነሱ የጃፓንን ከተሞች በእሳት አጋዩ። ኦገስት 6 ቀን 1945 ደግሞ ለሊት፣ በኛ አቆጣጠር 8፡45 ላይ፣ የአቶሚክ ቦምቡን የያዘው ያ አውሮፕላን ተነሳ። ቦምቡ ከ4 ቶን በላይ ስለሆነና ከአውሮፕላኑ ሆድ ስር ስለማይገባ መሬት ቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጡት፣ አውሮፕላኑን በላዩ አምጥተው ቦምቡን ከስር በሊፍት አነሱት። ሲነሳ ቢከሰከስ ደሴቷ ራሷ ትጠፋለች ብለው ስለፈሩ አንዱ መኮንን አየር ላይ ሆኖ ነው የማፈንጃውን ባሩድ የገጠመው።

ፓይለቱ ፖል ቲቤትስ አባቱ ሐኪም እንዲሆንለት ሲፈልግ ፓይለት ሁን ብላ የደገፈችው እናቱ ነበረች። በዋዜማው የአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ስሟን አስጻፈ፣ ኢኖላ ጌይ። ከፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን በማግስቱ ጠዋት በሂሮሺማ ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር 2፡15 ላይ ቦምቡ ወረደ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ወደ 140 ሺህ ሰው አለቀ፣ የዛች እናት ስምም እስከ ዛሬ ከዛ ጋር ነው የሚነሳው። እሷ ያደረገችው ልጇን መደገፍ ብቻ ነው። እኔም አንተ ውትድርና ልግባ ስትል አባትህ ሲቆጣ ከጎንህ ቆሜ ነበር፣ ታስታውሳለህ አይደል? ለዛ ነው ያቺን ሴት ከጭንቅላቴ ማውጣት ያቃተኝ።

ጉድጓዶቹ አሁንም አሉ፣ መስታወት ተደርጎባቸዋል አሉ። ስትደርስ ኮፍያህን አውልቅና ትንሽ ቁምልኝ፣ ለሞቱት ጸልይላቸው፣ ጃፓን ናቸው አትበል። ከሁሉ ከሁሉ ግን አደራ፣ የኔን ስም ምንም ነገር ላይ እንዳትጽፍብኝ። ውሃ ጠጣ፣ ሙቀቱ ከባድ ነው አሉ፣ ስትደርስ ደውል።

እናትህ