በጅማ ዝናብ ለሚጎተት መኝታ ተሳቢ ወለሉና ሻንሲው ይቅደም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጋዜጣችሁ በቅርቡ በቤት መኪና ስለሚጎተት፣ ሁለት ሰው ስለሚያስተኛና የእንባ ጠብታ ቅርጽ ስላለው አነስተኛ ተሳቢ ያወጣውን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። በጅማ ከተማ በብረታ ብረትና በእንጨት ሥራ የምተዳደር እንደ መሆኔ፣ ጽሑፉን ይዘው እየመጡ ይህንን እዚህ መሥራት ይቻል እንደሆነ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ ተሳቢውን የሚፈልጉት ለሽርሽር ሳይሆን ለሥራ ነው፤ ለጥናት ወደ በለጠ ጌራ ደን የሚወጡ፣ በቡና ለቀማ ወራት ከወረዳ ወረዳ የሚዘዋወሩ፣ ገጠር ላይ መሽቶባቸው ማደሪያ ማጣት የሰለቻቸው ሰዎች ናቸው። ብዕር ያስነሳኝ ግን በጽሑፉ ውስጥ በአጭሩ የታለፈ አንድ ሐሳብ ነው። ጸሐፊው ስለ ጣሪያው ክብነትና ስለ አሉሚኒየም ልባሱ በስፋት ካብራሩ በኋላ፣ ወለሉ ከሥር ስለማይታይ የተገኘው እንጨት ሁሉ እንደሚበቃ ገልጸው፣ ሻንሲውን (ተሳቢውን ከሥር የሚሸከመውን የብረት አጽም) በሁለት መስመር አልፈውታል። በእኔ እምነት ጉዳዩ ተገልብጦ መታየት አለበት። የሚያፈስ ጣሪያ በማግስቱ ይታወቃል፣ ይጠገናልም፤ የበሰበሰ ወለል ወይም የተሰነጠቀ ሻንሲ ግን ግድግዳውና ጣሪያው ካልተነሣ በቀር በቅጡ አይጠገንም።

ይህ ዓይነቱ ተሳቢ በአሜሪካ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ የታወቀ ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ባለሙያም ያልሆነ ሰው በጓሮው ሊሠራው የሚችል ነገር ሆኖ ተስፋፍቷል። በልማድ የጸናው መጠኑ የመጣው ከአንድ ሙሉ ፕላይውድ ልክ ነው፤ ይኸውም 122 በ244 ሴንቲሜትር ነው። ወለሉ ያለ መገጣጠሚያ ከአንድ ቁራጭ እንዲወጣ ያስቻለው ይህ ልክ በመሆኑ፣ ወርዱን ወደ 150 ሴንቲሜትር አስፉልኝ የሚል ደንበኛ ሁሉ ከስፋቱ ጋር አንድ ስፌት፣ ማለትም አንድ የውኃ መግቢያ፣ እየጨመረ መሆኑን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። መስፋቱ ግድ ከሆነም መገጣጠሚያው በባዶ አየር ላይ ሳይሆን በብረት ላይ ማረፍ ይኖርበታል።

ስለ ሻንሲው ብናነሣ፣ በየሱቁ በብዛት የሚገኘው ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማእዘን ብረት) ለበርና ለመስኮት ተብሎ የሚመጣ ስስ ብረት ነው። ውፍረቱ 1.2 ወይም 1.5 ሚሊሜትር የሆነው ለአጥር በር ያገለግል ይሆናል፤ በኮረኮንች መንገድ ላይ ሲነጥር ለሚውል ሸክም ግን አይሆንም። እኔ የምመክረው 40 በ60 ሚሊሜትር የሆነና የብረቱ ውፍረት 3 ሚሊሜትር የሆነውን ነው። ሁለቱ የጎን ብረቶች፣ አምስቱ አግዳሚዎችና የመጎተቻው ክንድ ተደምረው 15 ሜትር ያህል ስለሚወስዱ፣ ባለ 6 ሜትሩ ሦስት ዘንግ ይበቃል፤ የሻንሲው ክብደትም ከ65 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም። አምስቱ አግዳሚዎች በእኩል ርቀት ሲቀመጡ በመካከላቸው 61 ሴንቲሜትር ይሆናል። የጎን ብረቱ 60 ሚሊሜትሩ ወደ ላይ ሆኖ መቆም አለበት፤ ያው ብረት ቆሞ ሲጫን፣ ጋደም ብሎ ሲጫን ካለው ግትርነት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ግትርነት አለው። ይህ ጥቅም ተጨማሪ ሳንቲም የማይጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ አንዳንድ በያጆች ወለሉ ዝቅ እንዲል በማለት ብረቱን ሲያጋድሙት ማየቴ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሻንሲ የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ የመጎተቻው ክንድ ከሻንሲው የፊት አግዳሚ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ጉተታውና ንጥረቱ በሙሉ እዚያ ይጠራቀማሉና። ስለዚህ ክንዱ ፊት ለፊት ተለጥፎ የሚቀር ሳይሆን፣ ሁለት እግሮች ኖረውት ከሻንሲው ሥር እየገባ እስከ ሁለተኛው አግዳሚ ድረስ መዝለቅና በሁለቱም ላይ መበየድ ይኖርበታል። በዚህ አካባቢ በብረቱ የላይኛና የታችኛ ፊት ላይ ቀዳዳ መብሳት አይገባም፤ መብሳት ግድ ከሆነ ከጎኑ፣ በቁመቱ መካከል ይበሳ። ብየዳውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሁሉም ማእዘኖች በነጥብ ብቻ ተይዘው ከማእዘን እስከ ማእዘን ያለው ሰያፍ ርቀት በሁለቱም በኩል ይለካ፤ ለ122 በ244 ሻንሲ ሁለቱም 272.8 ሴንቲሜትር መምጣት አለባቸው። ከዚያ በኋላ በአንድ ወገን ተከታትሎ መበየድ ብረቱን ስለሚያጣምመው፣ አንዱን ማእዘን ከበየዱ በኋላ ወደ ተቃራኒው መሄድ፣ በመጨረሻም እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

የአክስሉ (ጎማዎቹ የሚገጠሙበት ብረት) ቦታ ለብቻው ሌላ ደብዳቤ የሚያስጽፍ በመሆኑ ዋናውን ብቻ ልጥቀስ። ተሳቢው ሲጫን ከጠቅላላ ክብደቱ ከመቶ ከ10 እስከ 15 ያለው በመጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት፤ 600 ኪሎ ለሚመዝን ተሳቢ ይህ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ማለት ነው። ከዚህ ካነሰ ተሳቢው በቁልቁለት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምርና መኪናውን ሳይቀር ይዞ ይዞራል። ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ የጊቤን በረሃ ቁልቁለት የሚያውቅ አንባቢ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ማድ ቤቱ በኋላ በኩል የሚሠራ ከሆነ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ የባሌስትራው (ንጥረቱን የሚችለው የተደራረበ ስፕሪንግ) ማንጠልጠያ ከመበየዱ በፊት የእቃው ክብደት በወለሉ ላይ ተደርድሮ ቢመዘን ጥሩ ነው። ከአሮጌ መኪና ከዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማዎቹ ከሚያከፋፍለው ጥርሳም ክፍል) ጋር የተነቀለ የኋላ አክስል መጠቀም ርካሽ ቢመስልም፣ ያለ ጥቅም የሚጎተት ከባድ ብረት ነው።

አሁን ወደ ወለሉ ልመለስ። ጅማ በዓመት በአማካይ ከ1,400 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው፤ ዝናቡም በክረምት ብቻ የሚወሰን ሳይሆን በአብዛኞቹ ወራት ይጥላል። ተሳቢው እየተጎተተ ሳለ ግን ወለሉን የሚያጠቃው ከሰማይ የሚወርደው ውኃ ሳይሆን፣ ጎማው ከመንገዱ አንሥቶ ከታች ወደ ላይ የሚረጨው ጭቃ የተቀላቀለበት ውኃ ነው። ይህ ጭቃ በአግዳሚውና በእንጨቱ መካከል ተሸጉጦ ይቀመጣል፣ ፀሐይ አያገኘውም፣ ለቀናትም እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። ቺፑድ (ከእንጨት ስብርባሪ ተጣብቆ የሚሠራ ሳንቃ) በዚህ ቦታ ላይ ሲውል ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም፣ ብሎኑንም መያዝ ያቆማል። ኤምዲኤፍም (ከላመ የእንጨት ጭረት ተጣብቆ የሚሠራው ሳንቃ) ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። ስለዚህ የተገኘው እንጨት ይበቃል የሚለው ምክር ቢያንስ ለደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍል ጎጂ ነው።

የአገር ጣውላስ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ዋንዛ ምስጥን በመጠኑ የሚቋቋም፣ ለመሥራትም የሚያስደስት እንጨት ነው፤ ይሁን እንጂ ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፣ እየሰፋና እየጠበበም መገጣጠሚያውን ይከፍታል። የጅማ በርጩማ ዘመናት የሚቆየው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣና የሚከፈት መገጣጠሚያ ስለሌለው መሆኑን የአካባቢያችን ጠራቢዎች ጠንቅቀው ያውቁታል፤ 244 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለውን ወለል ግን ከአንድ ግንድ መፈልፈል አይቻልም። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ ይጣመማል። በፕላይውድ ውስጥ ግን ስስ ሽፋኖቹ የአንዱ ጭረት በሌላው ላይ ተሻግሮ ስለሚጣበቁ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል፤ በእርጥበትም እምብዛም አይሰፋም።

ፕላይውድም ግን እኩል አይደለም። ለቤት ውስጥ እቃ ተብሎ የሚመጣው ማጣበቂያው በውኃ ይፈታል። ከመግዛት በፊት ቁራጭ ጠይቆ በድስት ውኃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ማፍላት፣ ሽፋኖቹ ከተላቀቁም ሻጩን አመስግኖ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው። ለኮንክሪት ቅርጽ ማውጫ የሚውለው፣ ፊቱ ጠቆር ያለና ለስላሳ የሆነው ፕላይውድ ውኃ የሚችል ማጣበቂያ ስላለው፣ በ18 ሚሊሜትር ውፍረት ለዚህ ሥራ እጅግ ይስማማል፤ ክብደቱም ከ30 ኪሎ ግራም ትንሽ ከፍ ይላል። በግንባታ ቦታ አገልግሎ የተጣለውን በርካሽ መግዛት ግን አላበረታታም፤ ጠርዙ አስቀድሞ ውኃ ጠጥቷል፣ ፊቱም በምስማር ተበሳስቷል። ባለ 12 ሚሊሜትሩ በ61 ሴንቲሜትር ርቀት በተቀመጡ አግዳሚዎች መካከል ሰው ሲንበረከክበት ይረግባል፤ ከ10 ኪሎ በላይ የሚያቀል ቢሆንም በዚህ ቦታ መቆጠብ አይገባም።

የተቆረጠ የፕላይውድ ጠርዝ እንደ ፋኖስ ክር ውኃ ስለሚስብ፣ ጥበቃው መጀመር ያለበት ከጠርዙ ነው። መቆረጡና መበሳቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ፣ ማለትም የብሎን ቀዳዳዎቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ፣ ጠርዙና የየቀዳዳው ውስጥ በዘይት ቀለም ወይም በኢፖክሲ እስኪጠግብ ድረስ ደጋግሞ መቀባት አለበት። የታችኛው ፊት ለስላሳ ሽፋን የሌለው ከሆነ፣ በቀለም ማቅጠኛ የቀጠነ ሬንጅ ይቀባል። የመጀመሪያው ዙር ወደ እንጨቱ እንዲሰርግ ቀጠን ብሎ፣ የሚቀጥለው ወፈር ብሎ ይሁን፤ ትነቱ በቀላሉ ስለሚቀጣጠልም ብየዳ ከሚሠራበት ቦታ ርቆ ይሠራ። ከዚያም በእንጨቱና በብረቱ መካከል ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ጥብጣብ ይነጠፋል።

ወለሉን ከሻንሲው ጋር ለማሰር ቱቦላሬውን ከላይ እስከ ታች በስቶ ረጅም ብሎን ማሳለፍ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። ብሎኑ ሲጠብቅ ባዶው ብረት ይጨማደዳል፣ በቀዳዳውም ውኃ ወደ ውስጥ ይገባና ብረቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝገዋል፤ ዝገቱ የሚታወቀውም ብረቱ ከሳሳ በኋላ ነው። በዚህ ፈንታ ከጎን ብረቶቹና ከአግዳሚዎቹ ውስጠኛ ጎን አጫጭር የአንግል ብረት ቁርጥራጮችን በይዶ፣ ብሎኑን በእነርሱ በኩል በሰፊ ሮንዴላ ማሰር ይሻላል። የቱቦላሬው ጫፎች ሁሉ በላሜራ ተደፍነው ይበየዱ፤ ቱቦላሬው ማንኛውም ቀዳዳ ካለበት ግን፣ ከሥሩ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ውኃ የሚወጣበት ሌላ ቀዳዳ ይተውለት። የጎን ግድግዳውም በወለሉ ላይ ከሚቆም ይልቅ ወለሉን ከውጭ አቅፎ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ታች ቢወርድ፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ ከመገጣጠሚያው ዝቅ ብሎ መሬት ላይ ይንጠባጠባል።

ጽሑፋችሁ በውጭ አገር እንደሚደረገው ወለሉ በሁለት ስስ ፕላይውድ መካከል ፎም ተደርጎበት ብርድ እንዲከላከል ይመክራል። ለበረዶ አገር ትክክል ሊሆን ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ባለችው በጅማና በአካባቢዋ ግን ሌሊቱ ፍራሽና ብርድ ልብስ የማይችሉት አይደለም፤ በሁለት እንጨት መካከል የታሰረ ውኃ ግን መውጫ የለውም። አንድ ወፍራም ወለል፣ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ሊታይና ሊጠገን የሚችል፣ ለእኛ ይበልጣል። የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባው ከውስጥ የሚመጣው እርጥበት ነው። ሁለት ሰዎች በጠባብ ክፍል ሲያድሩ ከትንፋሻቸውና ከላባቸው የሚወጣው ውኃ ፍራሹን አልፎ በቀዝቃዛው ወለል ላይ ጤዛ ይሠራል፣ ፍራሹም ከሥሩ ይሻግታል። ከፍራሹ ሥር ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ያሉ ርብራቦች ቢደረጉና በሁለቱም ጎን ትንሽ የአየር መግቢያ ቢተው ችግሩ ይቃለላል። ተሳቢው ቆሞ በሚከርምበት ጊዜም መጎተቻው የሚደገፈው በድንጋይ ወይም በብረት እንጂ በእንጨት ጉማጅ አይሁን፤ በእኛ አካባቢ ምስጥ በዚያ በኩል መውጣት ይወዳል።

በመጨረሻ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ስለዚህ ጉዳይ ዳግም የምትጽፉ ከሆነ ከተሳቢው የጎን ፎቶግራፍ በተጨማሪ ከሥር የሚታየውን የሻንሲ ሥዕል ከነልኩ እንድታወጡልን ነው። ሁለተኛው፣ በግለሰብ የተሠራ ተሳቢ ለታርጋና ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ስለ ብየዳው፣ ስለ መብራቱና ስለ ፍሬኑ ምን እንደሚጠየቅ ከሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጠይቃችሁ እንድታሳውቁን ነው። በአውሮፓ እስከ 750 ኪሎ የሚመዝን ቀላል ተሳቢ የራሱ ፍሬን ባይኖረውም ይፈቀድለታል፤ በእኛ አገር ለዚህ ዓይነቱ ተሳቢ የሚሠራው ልክ በግልጽ ታትሞ ቢወጣልን ደንበኞቻችን ብረት ከመግዛታቸው በፊት ይዘውት ሊመጡ ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር
የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ባለሙያ፣ ከጅማ