ለወንድሜ ጓደኞችና ለሠፈራችን ሰው

በመጀመሪያ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፤ ወንድሜ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገብቷል። "ስሜን እንዳትጽፊ" ብሎኛል። እዚህ ደብረ ብርሃን የሚያውቀው ያውቀዋል።

ከሰዓት በርጫ፣ ማታ ጨብሲ ነበር። ጫቱ እንቅልፍ ሲነሳው አረቄ ይደርብበታል፣ ጠዋት ሲደብተው ደግሞ ወደ ጫቱ ይመለሳል። እያደር ሰው መጠራጠር ጀመረ። "ይከታተሉኛል" እያለ መስኮቱን በብርድ ልብስ ይጋርዳል። አረቄውን በራሱ ጊዜ በአንዴ ሲያቆም እጁ ተንቀጠቀጠ፣ በማግስቱ ሌሊት እንደሚጥል በሽታ አንፈራግጦ ጣለው። ብዙ የጠጣ ሰው ያለ ሐኪም በአንዴ ሲያቋርጥ እንዲህ ሊጥለው እንደሚችል የሰማነው ሆስፒታል ነው።

በዚያ ሌሊት ያደረስከን የባጃጅ ሹፌር፣ ሒሳብም አልተቀበልክ፣ ተባረክ። እናቴን አንዴም "የአስተዳደግ ችግር ነው" ሳትሉ ያስረዳችሁን ሐኪሞችና ነርሶች፣ እናመሰግናለን። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ሲወስደው መድኃኒቱን በሰዓቱ ያስዋጠው አጎቴም ዕድሜ ይስጠው።

አረቄ የሚያወጡት ጎረቤታችን ግን ለብቻቸው ይመስገኑ። ገበያቸው አረቄው ነው። ሆኖም ወንድሜ በዱቤ ሊጠጣ ሲመጣ "ላንተ የሚሆን አረቄ የለኝም፣ ሽሮ ግን አለ" ብለው አስቀምጠው አበሉት። ለሌሎቹ ሻጮችም እንዳይሰጡት የነገሩት እሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ጓደኞቹ። "ጓደኛ ነው ያበላሸው፣ ለዩት" ያለን ሰው ብዙ ነው። ሐሰት አይደለም፣ ጫት ያስለመዱት እነሱ ናቸው። ግን ብንለየው ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ሊውል ነበር? እነዚያው ልጆች እሱ ባለበት ላይቅሙ ተማምለዋል። ሁለቱ አሁንም ይቅማሉ፣ እኛ ቤት ግን መርቅነው አይመጡም። በጨብሲው ሰዓት ቆሎ ይዘው ይመጡና ካርታ ይጫወታሉ። እናቴ መጀመሪያ ቁማር መስሏት ልታባርራቸው ነበር! አሁን ሻይ የምታፈላው እሷ ናት። ልቡ ሲከብደው ለእኔ ያልነገረኝን ለእነሱ ይነግራቸዋል፣ እነሱም የክትትል ቀኑ ሲደርስ አጅበውት ይሄዳሉ። ወንድሞቼ፣ ውለታችሁ አለብን።

ሕክምናው ገና አላለቀም። ለበዓል የምትጠሩት ዘመዶች፣ "ለወጉ ያህል ቅመስ" አትበሉት። ብርዝ ወይም ለስላሳ ይበቃዋል።

እግዚአብሔር ይስጥልን።

እህቱ፣ ከደብረ ብርሃን